መስኮቱን የከፈተው ሲኒማ ቤት፦ ጎንደር ውስጥ አንድ አዳራሽ በኮሮና ዘመን እንዴት ሥራ ጀመረ

በመስከረም 2013 መገባደጃ አንድ ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ጋሼ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት አለቻቸው። ቅዳሜና እሁድ የአማርኛ ፊልም፣ በሌላው ቀን ደግሞ ኳስ ታሳይ ነበር። ከተዘጋች ስድስት ወር አልፏታል።

«ልጄ፣ ሁሉም እየከፈተ ነው። እኔም መክፈቴ አይቀርም። ግን ለሰው ትኬት ብዬ በሽታ እንዳልሸጥለት ፈራሁ። ነገ ናና አዳራሹን እየው» አሉኝ።

ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እዚህ የምጽፈው። እንዲህ ያለ በሽታ አንድ ቀን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ አዳራሽ ያለው ሰው ሁሉ እኛ የሳትነውን እንዳይስት እፈልጋለሁ።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር፣ የአገሬው ሰው እስካሁን «ኮሌጅ» በሚለው ግቢ ነው። ያ ቤት የጤና ኮሌጅ ሆኖ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ደምቢያን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። መምህሮቻችን ይህን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በሽታን ክሊኒክ ቁጭ ብለህ አትጠብቀው፣ ያለበት ድረስ ሄደህ እየው ለማለት ነው። ጋሼ ሲደውሉ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው።

ከመከፈቱ በፊት

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሲኒማ ሥራ ሰው መሰብሰብ ስለሆነ ጋሼም በሩን ቆልፈው ቤታቸው ገቡ።

ጎንደር በዚያው ዓመት ሌላ ሐዘን ነበረባት። ጥር ላይ፣ በጥምቀት ዕለት፣ ፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። ጋሼ ይህን ደጋግመው ያነሱት ነበር። ያኛው የእንጨት፣ ይህኛው የበሽታ ጉዳይ መሆኑን ያውቃሉ። ለእሳቸው ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ሰው ለደስታ ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ጉዳት ይዞ ይመለሳል።

አዋጁ ጳጉሜን ላይ አበቃ። መስከረም መጨረሻ ላይ መመሪያ ቁጥር 30 ወጣ። ማስክ ግዴታ ሆነ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ርቀት ጠብቁ ተባለ። የእኛም ዓይን ያረፈው እነዚህ ላይ ነበር። እጅ፣ ማስክ፣ ርቀት።

አዳራሹ 18 ሜትር ይረዝማል፣ 12 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። በ10 መደዳ የተደረደሩ 200 ወንበሮች አሉት። ግራና ቀኝ አራት አራት መስኮት አለ። ስምንቱም በጥቁር ጨርቅና በኮምፔንሳቶ ተጠርቅመዋል። ፊልም ጨለማ ይፈልጋላ! ያን ቀን መስኮቶቹን አይቼ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። ዋናው ስህተቴ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ወጪ

በመጀመሪያው ሳምንት የገዛነው በረኪና፣ መርጫ፣ ሳኒታይዘር፣ ግንባር ላይ የሚደቀን የሙቀት መለኪያ፣ ደጅ የሚቆም የእጅ መታጠቢያ ሮቶ ነው። ጋሼ ለዚህ ሥራ ከያዙት ገንዘብ አብዛኛው እዚህ ላይ አለቀ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ በረኪና ረጨናቸው። መስኮት ዝግ ስለሆነ ፕሮጀክተር የሚያሠራው ልጅ ሳል ጀመረው። ዓይኑ እንባ እያዘነበ ወደ ውጭ ሮጠ።

የሙቀት መለኪያውም ብዙ አልረዳንም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማታ ነፋሱ ፊት ላይ ይበርዳል። ከደጅ የመጣን ሰው ግንባር ስትለካ ቁጥሩ ከትክክለኛው የሰውነት ሙቀት ወርዶ ይታያል። ደግሞም በበሽታው ተይዞ ትኩሳት የሌለው ሰው ብዙ ነው። መለኪያውን አልጣልነውም፣ ሰው በሩ ላይ ሲያየው ይረጋጋ ነበር። እኔ ግን ያሰጋኝ ያ መረጋጋት ራሱ ነው።

በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ አነብ ነበር። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ 239 ሳይንቲስቶች አንድ ላይ ሆነው ቫይረሱ በአየር ውስጥ ተንሳፍፎ እንደሚተላለፍ ትኩረት ይሰጠው ብለው ጽፈው ነበር። ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለ አንድ የመዘምራን ቡድን ታሪክ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2012 ማታ 61 ሰዎች ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መዝሙር ተለማመዱ። 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ዝግ ቤት ነው፣ ብዙ ሰው ነው፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይወጣል፣ ጊዜው ረጅም ነው። ስልኬን አስቀምጬ የጋሼን አዳራሽ አሰብኩ። ከመዝሙሩ በቀር የቀረው ሁሉ እዚያም አለ።

እጣኑ

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ወለሉን ይጠርጋሉ። እትዬ የቤቱ ጽዳት ናቸው፣ ከጋሼ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። በረኪናው አፍኗቸው መጥረጊያውን ተደግፈው ቆሙ።

«ይሄ ቤት እኮ አይተነፍስም» አሉኝ። «ለበዓል እጣን ባጨስበት እስከ ማግስቱ ይሸታል።»

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥራችንን ሁሉ ቀየረችው። ሰው የሚተነፍሰው አየር አይታይም። ጭስ ግን ይታያል። የእጣኑ ጭስ የት እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ካየን፣ የሰውም ትንፋሽ የት እንደሚከማች ግምት ይኖረናል። ሲኒማ ቤት ደግሞ ጭስ ለማየት እንደሱ የሚመች ቤት የለም። መብራት ሲጠፋ በፕሮጀክተሩ ጨረር ውስጥ ጭሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እትዬ ማጨሻውን ይዘው መጡ። ከሰሉን አቀጣጥለው አዳራሹ መሃል አስቀመጡት። ጨረሩ በጭስ ሲሞላ ማጨሻውን አወጣነውና ሰዓት ያዝን።

በመጀመሪያ ሁሉንም ዘግተን ሞከርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭሱ አለ። እንደ ጉም ሳስቶ ተንጠልጥሏል፣ ግን አልሄደም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ቢሆን ሰዉ ያንኑ አየር እየተቀባበለ ይተነፍሳል ማለት ነው።

ቀጥለን የግራውን አራት መስኮት ብቻ ከፈትን። በመስኮቶቹ በኩል ጠራ። በቀኝ በኩል ግን ጭሱ ብዙም አልተነቃነቀም። እኔ ግማሽ መክፈት ግማሽ ይጠቅማል ብዬ ነበር። አየር ግን መግቢያም መውጫም ይፈልጋል።

በሦስተኛው ግራና ቀኙን ከፈትን። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጨረሩ ንጹህ ሆነ። ጋሼ ጸጥ ብለው አዩት። ቀጥለው «አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው አፍኜ ነው ለካ ፊልም የማሳየው» አሉ። አላጽናናኋቸውም፣ እውነታቸውን ነበርና።

አንድ ጥግ ብቻ እምቢ አለን። ከኋላ በግራ፣ ከፕሮጀክተር ክፍሉ ሥር፣ ጭሱ ቆሞ ይቀራል። እዚያ ያሉትን 12 ወንበሮች ነቀልናቸው። ቬንትሌተሩንም ከኋላ በር ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዞርነው። ብዙ ሰው ይህን ይስታል። ቬንትሌተር ወደ ተመልካች ሲነፋ የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ያደርሳል። ቻይና፣ ጓንግዡ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት በሦስት ጠረጴዛ የተቀመጡ ሦስት ቤተሰቦች ሲታመሙ ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ኤርኮንዲሽነሩ የሚነፋበትን አቅጣጫ ነበር። የእኛ ቬንትሌተር የውስጡን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ይጥል ጀመር።

ጨለማና አየር

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። መስኮት ከተከፈተ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ከገባ ፊልም የለም።

ለጊዜው ያገኘነው መፍትሔ ፀሐይዋን መጠበቅ ነው። የ8 ሰዓቱና የ10 ሰዓቱ ፊልም ቀረ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ፊልም ብቻ ይታያል። የጎዳናው መብራት በሚገባባቸው ሁለት መስኮቶች ላይ ከውጭ በኩል ክንድ ያህል ራቅ አድርገን ሸራ ወጠርን። ብርድ አለ፣ ስለዚህ በሩ ላይ «ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ብለን ለጠፍን። ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር። የመጣው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ነው። አንዳንዶቹ እንደ ሌሊት ማኅሌት ሁለት ደርበው መጡ።

የሰው ቁጥር 50 እንዲሆን ወሰንን። አንድ መደዳ እየዘለልን፣ በአንድ ላይ ከመጡት ቀጥሎ ሦስት ወንበር ባዶ እየተውን ስናሰላ ከዚያ በላይ አያስኬድም። ባልና ሚስት ወይም የአንድ ቤት ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። እቤት አብሮ የሚያድርን ሰው ሲኒማ ቤት መለያየት ትርጉም የለውም።

ቁጥሩ ትክክል እንደነበር ያረጋገጥኩት ከወራት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አየር ዝውውር ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ላለ ቤት ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹህ አየር ይግባ ይላል። ለ50 ሰው 500 ሊትር ነው። በሰዓት 1,800 ሜትር ኩብ ይሆናል። አዳራሹ በሙሉ 1,080 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አየሩ በሰዓት ሁለት ጊዜ ቢቀየር ይበቃል። ጭሱ በአሥር ደቂቃ የጠራበት ቤት ይህን በቀላሉ ያሟላል። 200 ሰው ሞልቶበት ቢሆን ግን ሰባት ጊዜ ያህል መቀየር ነበረበት። ነፋስ በሌለበት ማታ ያን ማመን ይከብዳል።

የኳሱ ነገር

እኔና ጋሼ የተጋጨነው በኳስ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መስከረም መጀመሪያ ላይ ተጀምሯል። ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃል። ጋሼ «ለፊልም የሠራው ለኳስ ለምን አይሠራም?» አሉኝ።

ለምን እንደማይሠራ ስገልጽ አንድ ነገር ገባኝ። ሌላ አገር ሲኒማ ቤት ብዙም አያሰጋም የሚሉት ተመልካቹ ዝም ስለሚል ነው። የሚናገር ሰው ከዝምተኛው የበለጠ ብናኝ ከአፉ ያወጣል፣ የሚጮህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የእኛ ተመልካች ግን በፊልምም ዝም አይልም። ተዋናዩን ይመክራል፣ ክፉውን ይሰድባል፣ ሲስቅ አዳራሹ ይናወጣል። ይህን እወደዋለሁ፣ ሲኒማ ቤት የምሄደውም ለዚያ ነው። ስለዚህ ከሌላው ይልቅ እኛ አየርና ርቀት ያስፈልገናል። ኳስ ላይ ደግሞ 90 ደቂቃ ሙሉ ጩኸት ነው፣ ጎል ሲገባ መተቃቀፍ አለ። ያን የመዘምራን ቡድን ታሪክ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ተቆጡ። የቤቱ ወጪ የሚሸፈነው በኳስ ነው። ፊልም ከ30 ብር ወደ 50 ብር ቢጨመር እንኳ፣ 50 ሰው ሲገባ 2,500 ብር ነው። ድሮ ሲሞላ 6,000 ብር ያስገባ ነበር። ፈንዲሻም ውስጥ እንዳይበላ ተባብለናል፣ ማስክ የሚወልቀው ለእሱ ነዋ። ሦስት ቀን አልደወሉልኝም። በአራተኛው ቀን «ኳሱ ይቅር። ፈንዲሻውን ግን ሲወጡ ለቤታቸው እንሽጥላቸው» አሉ። ደስ አለኝ። በእርግጥ ጋሼ ይህን የቻሉት ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ነው። ኪራይ የሚከፍል ሰው እንዲህ ሊወስን አይችልም ነበር፤ በእሱም አልፈርድም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ጥቅምት 7 ቀን ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም እንዳሰብነው ሄደ። የተበላሸው ደጅ ላይ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ መጣ። ትኬት፣ ማስክ፣ መታጠብ፣ መለካት፣ ስም ማስመዝገብ ሁሉ በአንድ በር ላይ ነበር። ሰልፉ ተጠጋግቶ ተጋፋ። የሮቶው ውሃ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ስድስት ወር ያልተያዩ ሰዎች ተቃቀፉ፣ እኔም «ተው» ማለት አቃተኝ።

በሳምንቱ ትኬት ከቀን ጀምሮ እንዲሸጥ ተደረገ። የስም ምዝገባውም ያኔ ያልቃል። ማታ ሰው ወደ ወንበሩ ብቻ ይሄዳል። ስምና ስልክ የተጻፈበት ደብተር ጋሼ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ከ14 ቀን በኋላ ገጹ ይቃጠላል። ሰው እውነተኛ ስልኩን የሰጠን ይህን ስለነገርነው ይመስለኛል።

ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሠራን። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ኅዳር 4 ማታ የጎንደር አየር ማረፊያ በሮኬት ተመታ። ስለ ፊልም የሚያስብ አልነበረም። ዳግም የከፈትነው ታኅሣሥ ላይ ነው።

ያላየነው ክፍል

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ትኬት የምትሸጠው ልጅ ትኩሳት ያዛት። ቡናው አልሸተኝም አለች። ተመረመረች፣ ኮሮና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፕሮጀክተር የሚያሠራው ልጅና ጥበቃው ታመሙ።

ቁጭ ብለን ማን ከማን ጋር የት እንደዋለ ጻፍን። ሦስቱ በየማታው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት እራት አብረው ይበላሉ። የሚበሉት ፕሮጀክተር ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ሞቅ ስለሚል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፣ መስኮት የለውም። ማስክ ይወልቃል፣ ከአንድ ማዕድ ይቆረሳል፣ ጉርሻ አለ። ስምንት መስኮት ከፍተን፣ ወንበር ነቅለን፣ የራሳችንን ልጆች የሚበሉበትን ክፍል አንድም ቀን አላየነውም። እጣኑን እዚያ አላጨስነውም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በደብተሩ ውስጥ የነበሩትን 43 ሰዎች እኔው ደወልኩላቸው። የታመመው ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። አንዳንዱ አጥብቆ ጠየቀኝ። የልጅቷ አከራይ ግን ከሌላ ቦታ ሰምተው ቤት ልቀቂ ብለዋት ነበር፣ ጋሼ ሄደው ለምነው አስቆሟቸው። ከደወልኩላቸው ሁለቱ ጉንፋን ቢጤ ይዞን ነበር ብለው ተመረመሩ፣ ነጻ ሆኑ። ሌላ ታመምኩ ያለ የለም። ይህ አዳራሹ ውስጥ ማንም አልተያዘም ማለት አይደለም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ያልፋል።

ሁለት ሳምንት ዘጋን። ሦስቱም ደመወዛቸው አልተቆረጠም፣ ሦስቱም ዳኑ። ከዚያ በኋላ እራት ደጅ፣ ከበረንዳው ላይ ሆነ።

አናጢው

ጥምቀት አልፎ ስንከፍት ጋሼ አንድ አናጢ ይዘው መጡ። የማታው ፊልም አንድ ጉድለት ነበረበት። ባጃጅ ስለሚጠፋ ከአዘዞና ከማራኪ የሚመጣ ሰው ቀረ። ሴቶች ቀሩ፣ ተማሪዎች ቀሩ። ቀን ማሳየት አለብን፣ መስኮት መዝጋት ደግሞ አንችልም።

አናጢው መስኮቱን አየ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። በማግስቱ አንድ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኑ መስኮቱ ላይ ይገጠማል። ውስጡ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። አንድ ጣውላ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ቆሞ መንገዱን ያጣምመዋል። አየር ታጥፎ ይገባል። ብርሃን መታጠፍ ስለማይችል ጥቁሩ ላይ ይቀራል። ስምንት ሠራ።

እጣን እንደገና አጨስን። አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ከተከፈተው መስኮት ይዘገያል፣ ለ50 ሰው ግን ይበቃል። የቀኑ ፊልም ተመለሰ። በየካቲት መጨረሻ የመጀመሪያው ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ፣ አዲስ አበባ ገባ። በመጋቢት ግን የታማሚው ቁጥር በአገር ደረጃ ሲያሻቅብ፣ ማንም ሳያዘን ተመልካቹን ወደ 30 አወረድነው።

ዛሬ አዳራሹ 188 ወንበር አለው። የነቀልናቸው 12ቱ አልተመለሱም። ኳስም ይታያል። ሳጥኖቹ አሁንም መስኮቶቹ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊልሙ በፊት እትዬ እጣናቸውን ያጨሳሉ፣ ፕሮጀክተሩን አስበርተው ጨረሩ ሥር ይቆማሉ። ጭሱ ሲጠራ ወደ በሩ ዞረው «አስገቧቸው» ይላሉ።